ለግቢ ጋራዥ የትኛው ኮምፕሬሰር ይሻላል? 22 መልስ ያስነሳው ጥያቄዬ

ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደሴ ላይ፣ ግቢዬ ውስጥ፣ አንድ መኪና የምታስገባ በቆርቆሮ የተከደነች ጋራዥ አለችኝ። አሮጌ ኮሮላ አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ይሠራል። ጎማ በጎደለ ቁጥር ጎሚስታ ጋ መሮጥ ሰለቸን። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ የግቢውን የብረት በርና የመኪናዋን የተላጠ ኮፈን ራሴ ቀለም ልረጭ አስቤያለሁ። ሁለት ኮምፕሬሰር፣ ማለትም አየር እያመቀ ታንክ የሚሞላ ማሽን፣ አይቼ መምረጥ አቃተኝ። አንዱ አዲስ ነው፤ 2 ፈረስ ጉልበት፣ 50 ሊትር ታንክ፣ ሞተሩና ፓምፑ ቀጥታ የተያያዙ። ሌላው ያገለገለ ነው፤ 3 ፈረስ ጉልበት፣ 100 ሊትር፣ በቺንጋ የሚዞር። የቱን ልግዛ ብዬ አንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ጻፍኩ። የጠበቅኩት ሁለት ሦስት መልስ ነበር። 22 ደረሰ። ብዙ ሰው ይጠቀምበታል ብዬ ስላመንኩ የተባለውን ልንገራችሁ።

መልስ ቁጥር 1 የመጣው ከኮምቦልቻ ነው፤ ጎሚስታ ቤት ካለው ወንድም። እንዴት ከረማችሁ ብሎ ሁሉንም ሰላም አለ። ከዚያ ምን ልሠራበት እንዳሰብኩ ጠየቀኝ። ጎማ ለመንፋት ከሆነ ሁለቱም ይበቃሉ። ብሎን የሚፈታው የአየር ሽጉጥም አየር የሚጠጣው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ ታንኩ ይሸፍንለታል። ቀለም መርጨት ግን ሌላ ነገር ነው። ሽጉጡ ሳያቋርጥ ይጠጣል። ያኔ የሚያዋጣው የፓምፑ አቅም ነው። ለማስረዳት ሮቶ አነሳ። ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሮቶው 2,000 ሊትር ቢሆንም፣ ከላይ የምትገባው ውሃ ክር የምታህል ከሆነች፣ ከታች ሁለት ቧንቧ ከፍተህ ስትተው ባዶውን ይቀራል። ከመልሶቹ ሁሉ ዓይኔን የገለጠልኝ ይህ ምሳሌ ነው።

ቁጥር 2 የቴክኒክ መምህር ነው። እሱ ሂሳብ ይዞ መጣ። ማሽኑ ላይ በደቂቃ ይህን ያህል ሊትር ተብሎ የሚለጠፈው አብዛኛውን ጊዜ ፒስተኑ የሚስበው እንጂ በቱቦው የሚወጣው አየር አይደለም። በትንንሽ ማሽኖች የሚወጣው ከተጻፈው ከ60 እስከ 70 በመቶ ቢሆን ነው። ግማሽ ኢንች የብሎን ሽጉጥ ቆም እያለ ሲሠራ በአማካይ በደቂቃ 120 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። የቀለም ሽጉጥ እንደ ዓይነቱ ከ200 እስከ 350 ሊትር ይጠጣል። ስለዚህ ፈረስ ጉልበቱን ተወውና ሱቁ በር ላይ በስልክህ ሰዓት ለካ አለኝ። ታንኩን ባዶ ታደርጋለህ። ታስነሳለህ። ግፊቱ ከ0 ተነስቶ 8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ትይዛለህ። የታንኩን ሊትር በ8 ታባዛና በደቂቃው ታካፍላለህ። 50 ሊትር በ8 ሲባዛ 400 ነው። 4 ደቂቃ ከፈጀ በደቂቃ 100 ሊትር ሰጠ ማለት ነው።

ቁጥር 3 ቆጣ ብሎ ነው የገባው። ነገር አታካብዱ አለ። እሱ 15 ዓመት በ2 ፈረስ ጉልበት ሠርቶ ልጆች አሳድጓል። በር ሲረጭ ግማሹን ይረጫል፣ ማሽኑ እስኪሞላ ሻይ ይጠጣል፣ ይቀጥላል። እውነቱን ነው፣ እንዲህም ይሠራል። ግን ኮፈን የመሰለ ሰፊ ላሜራ መሐል ላይ ከቆመ መገናኛው መስመር ሠርቶ ይታያል።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ ወደ ከፍታ የዞረው። ቁጥር 4 ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ እንደተቀመጠች አስታወሰን። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲተያይ ግፊቱ በሩብ ያህል ያንሳል። ፋብሪካው የለጠፈው ቁጥር ደግሞ ለደሴ የተለካ አይደለም። ቁጥር 5 ይህን አልተቀበለም። ግፊቱን የሚያሳየው ጌጅ ደሴም 8 ይላል፣ ኮምቦልቻም 8 ይላል፣ ልዩነቱ የት አለ ሲል ሞገተ። መምህሩ ቁጥር 6 ላይ ተመልሶ በትዕግሥት አስረዳው። ጌጁ 8 መድረሱ አይቀርም፤ የሚለየው የሚፈጀው ጊዜ ነው። ፒስተኑ በአንድ ጉርሻ የሚያገኘው አየር እዚህ ትንሽ ነው። ለዚያ 50 ሊትር ታንክ ባሕር ዳርቻ 400 ሊትር አየር መሳብ ይበቃዋል። ደሴ ላይ ግን የኛን ስስ አየር 530 ሊትር ያህል መሳብ አለበት። አዲስ አበባ ወይም አዳማ ላይ የሚሠራ ዘመድ ማሽኔ ይበቃል ቢላችሁ፣ ከፍታውን አብራችሁ ጠይቁ ብሎ ጨረሰ።

ቁጥር 7 የራሴ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሄጄ ለካሁ። ሱቅ ጠባቂው ልጅ መጀመሪያ ግራ ገባው። በኋላ ራሱ ስልኩን አውጥቶ አብሮኝ ያዘ። አዲሱ 50 ሊትር 5 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ፈጀ። በደቂቃ 70 ሊትር ገደማ ነው። ድምፁ ጆሮ ይበሳል፤ ሞተሩና ፓምፑ እኩል በደቂቃ 2,800 ጊዜ ያህል ይዞራሉ። ከዚያ ያገለገለው ዘንድ ሄድኩ። 100 ሊትር ነው፣ በ8 ሲባዛ 800 ሊትር አየር ለመሙላት 6 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ወሰደበት። በደቂቃ 130 ሊትር ነው። ዱክ ዱክ እያለ ረጋ ብሎ ነው የሚሠራው። እጄን ፓምፑ አጠገብ ሳስጠጋ የአዲሱን ያህል አይጋረፍም። እንዲያም ሆኖ ለቀለም ሽጉጥ ልኩ አይደለም። ግን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ልቤ ወደዚያ አደላ።

አንድ ነገር ግን ጽፌ ነበር። ማሽኑ ከቆመ በኋላ ጌጁ ከ8 ወደ 7.6 ወረደ። ቁጥር 8 ወዲያው ያፈሳል፣ አትግዛ አለ። ቁጥር 9 አረመው። ሲታመቅ አየሩ ይግላል፤ ታንክ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ትንሽ ይወርዳል። ማፍሰሱ የሚታወቀው ታንኩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ማታ ሞልተህ ጠዋት እየው። ከወረደ የሳሙና አረፋ በብሩሽ እየቀባህ መገጣጠሚያውን ፈትሽ። አረፋ የነፋው ቦታ ላይ ቴፍሎን ጠምጥመህ አጥብቅ። ግፊት መቆጣጠሪያው ስዊች ሲዘጋ አንዴ ፍስስ ብሎ መቆም አለበት። ፍስስታው ካላባራ፣ ታንኩ መግቢያ ላይ ያለው አየር እንዳይመለስ የሚከለክለው ቫልቭ ቆሽሿል። ተፈቶ ይጠረጋል፣ ካልሆነም ይቀየራል።

ቁጥር 10 የወልዲያ ኤሌክትሪሻን ነው። ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። 3 ፈረስ ጉልበት ሞተር ሲሠራ እስከ 14 አምፔር ይወስዳል። ሲነሳ ለቅጽበት የዚያን ብዙ እጥፍ ይጎትታል። ለስልክ ቻርጅና ለቴሌቪዥን በገዛነው ቀጭን ማከፋፈያ ይህ አይሞከርም። ከብሬከሩ ለብቻው ወፈር ያለ ሽቦ መሳብ ያስፈልጋል፤ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ራቅ ብሎ መሥራት ካስፈለገ የኤሌክትሪኩን ገመድ ሳይሆን የአየሩን ቱቦ አስረዝሙ። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ አንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይበላል። ያኔ ሞተሩ እምም ብሎ መነሳት ያቅተዋል። እንዲህ ሲሆን ቶሎ አጥፉ፣ ካፓሲተሩ ይቃጠላል።

ከዚያ ስለ መብራት መጥፋት የጻፈውን ያላወቅነው ብዙዎች ነን። ማሽኑ እየሠራ መብራት ሲጠፋ የፓምፑ ራስ ላይ የታመቀው አየር አይለቀቅም። የሚለቀው ስዊቹ ሲዘጋ ነው። መብራቱ ድንገት ሲመለስ ሞተሩ ያን ሸክም ተሸክሞ ሊነሳ ይታገላል። ስለዚህ መብራት እንደጠፋ ስዊቹን ዝጉ። ፍስስ ሲል ትሰማላችሁ። መብራቱ መጥቶ ሲረጋጋ ክፈቱ። በተለመደው ቀንም ስፒናውን መዞ ማጥፋት ክልክል ነው አለ፤ ምክንያቱ ያው ነው። ስንት ሞተር በዚህ ሰበብ ተቃጥሎ ሽቦው እንደገና ተጠቅልሎ ይሆን።

ቁጥር 11 ደሴ ውስጥ ባትላሜራና ቀለም የሚሠራ ነው። ነሐሴ ላይ የደንበኛ መኪና በር ረጭቶ፣ ሲደርቅ ቀለሙ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆነበት። ጥፋቱን በቀለሙ አሳበበ፣ ቀለም ቀየረ፣ ደገመ፣ ያው ሆነ። በኋላ ታንኩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ሲከፍት ውሃ ዘረገፈ። አየር ሲታመቅና ሲቀዘቅዝ እርጥበቱን ይተፋል። ክረምት ላይ፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ በሚውልበት ወቅት፣ ይህ ውሃ ብዙ ነው። ስለዚህ ሥራ ሲያልቅ በየቀኑ ይፈስሳል። ለቀለም ደግሞ ታንኩ መውጫ ላይ ብቻ ሳይሆን ሽጉጡ አጠገብም ውሃ መያዣ ማጣሪያ ይደረጋል፤ አየሩ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ እንደገና ያልበዋል።

ይህን ባነበብኩ ማግስት ያገለገለው ማሽን ዘንድ ተመለስኩ። ባለቤቱን አስፈቅጄ በርከክ አልኩና ማፍሰሻውን በቁልፍ ፈታሁ። ለረጅም ጊዜ ያልተነካ ነው፤ ብሎኑ ጮኸ። መጀመሪያ አየር ተፋ። ቀጥሎ የቡና አተላ የመሰለ ቡናማ ውሃ መጣ። ከሥሩ ያደረግኩትን የዘይት ጣሳ ከግማሽ በላይ ሞላው። መጨረሻ ላይ ቅርፊት ቅርፊት ዝገት ወጣ። አንዱን አንስቼ በጣቴ ብጫነው ተሰባበረ። ፎቶ አንስቼ መድረኩ ላይ ለጠፍኩት።

ያኔ ነው ጨዋታው የከረረው። ቁጥር 12 ምንም አይደለም፣ ቢበሳ በብየዳ ይደፈናል አለ። ቁጥር 13 ያ ሰላምታ አሰጣጡ ደስ ያለን የኮምቦልቻው ጎሚስታ ነው። አሁን ግን ሰላምታም አልጨመረ። ሰው ልታስገድል ነው ወይ ብሎ ቁጥር 12ን አፋጠጠው። ዝገት ታንኩን ከውስጥ እየበላ ያሳሳዋል። በአንድ ቦታ ከበሳ ሌላውም ቦታ ስስ ነው። ብየዳ ሲነካው ዙሪያው ይበልጥ ይደክማል። ከዓመታት በፊት ይሠራበት በነበረ ጋራዥ የአንድ ታንክ ሆድ ተሰንጥቆ የጣሪያውን ቆርቆሮ ገንጥሎ እንደወሰደ ነገረን። ሁሉም ምሳ ወጥተው ነበርና ሰው አልተነካም። የሚጠረጠር ታንክ በአየር አይፈተንም። ጢም አድርገው ውሃ ሞልተው በእጅ ፓምፕ ግፊት ይጨምሩበታል። ለ8 ባር ታንክ 12 ባር ድረስ። ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ታንኩ ደካማ ከሆነ ያፈሳል እንጂ አይፈነዳም። ተረፈ ግፊት የሚያስወጣውን ቫልቭም ቀለበቱን እየሳባችሁ ሞክሩት፤ ጮኸብኝ ብሎ በብሎን የሚዘጋ ሰው የራሱን ሕይወት ነው የሚዘጋው አለ። ቃሉ ሻካራ ነበር። እኔ ግን ከልብ አመሰግነዋለሁ። ታንኩን በውሃ አስፈተንኩ። 12 ባር ላይ ግማሽ ሰዓት ቆመ፣ ጠብታም አላፈሰሰ። ገዛሁት።

ስለ ዘይት የተባለውን ባጭሩ ልለፈው። ቁጥር 14 ከመኪና የተረፈ የሞተር ዘይት እንደሚጨምርና ምንም እንዳልሆነበት ጻፈ። ቁጥር 15 ተቃወመ። የመኪናው ዘይት ቆሻሻ የሚያጥብ ቅመም አለበት፤ ኮምፕሬሰር ውስጥ ውሃውን ይዞ ያስቀራል፣ ቫልቮቹ ላይም ጥቀርሻ ይተዋል። ለኮምፕሬሰር የተሠራ ቁጥር 100 ዘይት ግዙ። ዘይቱ የሚታይባት መስኮት ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ድረስ ሙሉ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ቀይሩት። በኅዳር ውርጭ ጠዋት ማፍሰሻውን ከፍታችሁ አስነሱና አንድ ደቂቃ ያለ ሸክም ይሙቅ። የቺንጋውን ነገርም ጨመረ፤ መሐሉን በአውራ ጣት ስትጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይርገብ።

ቁጥር 16 ከርዕሱ ወጣ፤ ግን እንኳን ወጣ። የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እኛ ሹፌሮች የአየር ታንክ ውሃ ማፍሰስ የምንማረው በፍርሃት ነው አለ። የከባድ መኪና ፍሬን በአየር ነው የሚይዘው። ታንኩ ውስጥ ውሃ ካለ የአየሩን ቦታ ይወስዳል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ስትወርድ፣ ጉሙ ፊትህን ሸፍኖት፣ ጠመዝማዛው አላልቅ ሲልህ፣ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር የጌጁ መርፌ ትወርዳለች። ያኔ እያንዳንዷ ሊትር አየር ዋጋ አላት። ጠዋት ጠዋት ከመነሳቱ በፊት የታንኮቹን ገመድ እየሳበ ውሃውን ያፈስሳል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሐረጎን በሚኒባስ ስወርድ የሹፌሩን ጌጅ ሳላይ አልቀርም።

ከሐረጎ ወሬ ግን ጠብ ተወለደ። ቁጥር 17 ደሴዎች አየር ሳይኖራችሁ ኮምፕሬሰር ምን ያደርግላችኋል ብሎ ለከፈ። ስር ስሩ የኮምቦልቻ ሙቀት ሞተር ይቀቅላል የሚል መጣ፣ ስድብም ተከተለ። እኔን አስከፋኝ። ቁም ነገር የሚማማር ሰው መሐል ይህ አይገባም ነበር። ቁጥር 18 አንድ የቆዩ መካኒክ ናቸው። አብሽሩ ልጆቼ ብለው ገቡ። ሁላችሁም ልክ ናችሁ አሉ። ደጋው ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ማሽኑ ቶሎ አይሞላም። ቆላው ላይ ቶሎ ይሞላል፣ ግን ይግላል። ስለዚህ ደሴ ያለው ከፍ ያለ አቅም ይግዛ፣ ኮምቦልቻ ያለው ማሽኑን ያሳርፍ፤ 10 ደቂቃ ከሠራ 10 ደቂቃ ይረፍ። አንቱን የመሰለ አይጥፋብን ብለው ብዙዎች መረቁላቸው። ተሳዳቢዎቹም ጽሑፋቸውን አነሱ።

ቁጥር 19 ከሐይቅ የጻፈች እህት ናት። ከባሏ ጋር ትንሽ የመኪና እጥበትና የጎማ ሥራ ከፍተዋል። ሕፃን ልጅ አላት፣ ድምፁ ያስነሳባታል። ማሽኑን ከቤቱ ጀርባ አድርጋ አየሩን በፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ብታመጣው ይሆን ወይ ብላ ጠየቀች። ቁጥር 20 መምህሩ ነው፤ በፍጹም አይሆንም አለ። ነጩ የፕላስቲክ ቧንቧ በአየር ግፊት ሲሰበር እንደ ጠርሙስ ይበተናል። የጋልቫናይዝድ ብረት ቧንቧ ወይም ግፊቱ የተጻፈበት የጎማ ቱቦ ይሁን። ቧንቧው ወደ መጨረሻው ዘቅዘቅ ብሎ ጫፉ ላይ ማፍሰሻ ይኑረው። ወደ መሣሪያው የሚሄደው ቅርንጫፍ ከቧንቧው አናት ወደ ላይ ተነስቶ ይውረድ፤ ያኔ ውሃው ወደ መሣሪያው አይመጣም። ማሽኑን ከኋላ ማድረጓን ወደደው። ብቻ ዝናብና አቧራ እንዳያገኘው ጣሪያ ይሠራለት፣ የአየር መሳቢያው ማጣሪያም በየሳምንቱ ይራገፍ።

ቁጥር 21 ኮምፕሬሰሩን ጣሉትና በባትሪ የሚሠራ የብሎን ሽጉጥ ግዙ ባይ ነው። ብሎን መፍታት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ልክ ይመስለኛል። ጎማ መንፋትና ቀለም ለሚፈልግ ግን አይሆንም። እሱው ስለ መሣሪያ አያያዝ የጻፈው ግን ጥሩ ነው። የአየር ሽጉጡ መግቢያ ላይ ከሥራ በፊትም በኋላም ሁለት ሦስት ጠብታ የአየር መሣሪያ ዘይት ጠብ ይደረጋል። አለዚያ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ምላሶች ዝገው ይጣበቃሉ። ሽጉጡ ላይ የሚገጠመው ጥቁሩ ወፍራም ቡሾላ (የብሎኑን ራስ የሚይዘው) ነው፤ የሚያብረቀርቀው የእጅ ቡሾላ ይሰነጠቅና ይወረወራል። ሽጉጡ ለመፍቻ ይሁን። ሲታሰር በእጅ ተጀምሮ፣ በመስቀል እየተዘዋወሩ በእጅ ቁልፍ ይጠበቅ። ወንድሜ ባለፈው ወር በሽጉጥ ብቻ አስሮ አንድ ብሎን በጥሷል፤ አሁን ይህን መልስ አስነብቤዋለሁ።

ቁጥር 22 ላይ የኮምቦልቻው ጎሚስታ ወደ ሰላምታው ተመለሰ። እሱ ጋ እኔ የለካሁት ዓይነት 50 ሊትር ማሽን አለ። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ሰዓት ያዘበት። 5 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። ከደሴው 25 ሰከንድ ቀደመ። መምህሩ ካሰላው ጋር ይቀራረባል። ጎሚስታው ግን የሱ ማሽን ትንሽ የሠራ ስለሆነ ልዩነቱ ሁሉ የከፍታ ነው ብሎ መማል እንደማይፈልግ ጻፈ። ከሁለታችንም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ፣ ባቲ ወይም ከሚሴ ያለ ሰው፣ ያንኑ ማሽን ቢለካልን ብሎ ጠይቋል። እስካሁን የመለሰ የለም። ባቲ የሰኞ ገበያ የምትወርዱ፣ ሰዓት የሚያሲዛችሁ ጎሚስታ ካገኛችሁ፣ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ታንኩ ባዶ መሆኑን አይታችሁ ያዙልን።